ታምቡርና ተጓዥ ቆዳው

ከአንገት በላይ ክፍል እንደምሠራ የሰማ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቶንሲል ነው፤ ከዚያ ስለ ሳይነስ፣ ከዚያ ስለ ማንኮራፋት። የጆሮ ታምቡርን የሚያነሳ ከስንት አንድ ነው። እኔ ግን ከአንገት በላይ ካለው ሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው።

ታምቡር በጆሮ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ የተወጠረ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱም ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል፤ ርግብግቡን መዶሻ፣ መስፍና እርካብ የተባሉት ትንንሽ አጥንቶች ተቀባብለው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሱታል። ይህን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተነገረን የታምቡር ቆዳ እንደሚጓዝ ነው።

የታምቡር የውጭ ገጽ ቆዳ ነው። ሌላው የሰውነታችን ቆዳ ሲያረጅ ባለበት ይረግፋል፤ ልብስም ውሃም ይጠርገዋል። ታምቡር ግን ያለው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚጠልቅ ጠባብ ቀዳዳ ጥግ ነው። ያረጀው ቆዳ እዚያው ቢረግፍ ኖሮ ጆሯችን ገና በልጅነታችን ይደፈን ነበር። ስለዚህ ቆዳው ከታምቡሩ መሃል ተነስቶ ወደ ጠርዙ፣ ከጠርዙም በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ታምቡር ላይ የቀለም ነጥብ አሳርፈው ተከታትለውታል፤ ነጥቡ ከሳምንታት በኋላ ጠርዝ ላይ፣ ቆይቶም ግድግዳው ላይ ተገኝቷል። ፍጥነቱ በቀን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጣት ጥፍር እንደሚያድገው ማለት ነው። አቧራውን፣ ያረጀውን ቆዳና ኩኩን ይዞ ይወጣል፤ ስናኝክ የመንጋጋችን እንቅስቃሴም ያግዘዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሠራ ቆዳ እያለ የመኪና ቁልፍ ጆሮ ውስጥ ምን ይሠራል? የክብሪት እንጨት፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ «ንጹሕ ነው» የሚባለው ኮተን ባድ ጭምር? ኩክ የሚመረተው በቀዳዳው ውጨኛ ሲሶ ብቻ ነው። በኦቶስኮፕ፣ በጆሮ መመልከቻው፣ ሳይ ታምቡሩ ላይ ተለጥፎ ካገኘሁት፣ ገፍቶ ያስገባው ሰው አለ። ጆሮን ከውጭ በፎጣ መጥረግ ይበቃል። ኩክ ደፍኖት መስማት ከከለከለ ሐኪም ቤት ይወጣል እንጂ ቤት ውስጥ አይቆፈርም።

በጥፊ የተቀደደ ታምቡርም ብዙ አያለሁ። ልጅን ጆሮ ግንዱ ላይ የምትመቱ ወላጆችና መምህራን፣ እጃችሁን ሰብስቡ። እንዲህ ያለው ቀዳዳ ትንሽ ከሆነና ውሃ ካልገባበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይገጥማል፤ የሚገጥመውም ያው ቆዳ ከዳርና ዳር ተጉዞ ሲገናኝ ነው። ጠብታም፣ ዘይትም፣ የተፈላ ቅቤም አይፈልግም።

የሚመግል ጆሮ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ነጭ ሽንኩርት የተጠቀለለበት ጥጥ ጆሮው ውስጥ ወትፋ አመጣችው። «ሲያድግ ይተወዋል ብለውኝ እኮ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። ጥጡን ሳወጣው ክፍሉ በሽታው ታወደ፤ ከሥሩ መግል፣ ከመግሉ ሥር መሃሉ የተበሳ ታምቡር። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚፈስ ጆሮ ሲያድጉ የሚተው ነገር አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ታምቡሩ ወደ ውስጥ ሰርጎ ኪስ ሲሠራ፣ ተጓዡ ቆዳ መውጫ ያጣል። ማደጉን ግን አያቆምም። ያረጀው ቆዳ ኪሱ ውስጥ እየተከማቸ ያብጣል፤ ትንንሾቹን አጥንቶች ይበላል፤ ፊትን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭና የአንጎልን ሽፋን እስከ መንካት ይደርሳል። ኮሌስቲያቶማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት በማይክሮስኮፕ እየታየ ይቦረቦርና ቆዳው ተለቅሞ ይወጣል። ቅንጣት ከቀረ ተመልሶ ስለሚያድግ ሐኪሙ ሌላ ጊዜ ከፍቶ ሊያይ ይችላል።

ለተበሳው ታምቡር ያለው ቀዶ ሕክምና ቲምፓኖፕላስቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናውያኑ ሆርስት ቩልሽታይንና ፍሪትዝ ዞልነር መልክ አስያዙት። በመጀመሪያ ቀዳዳው የሚደፈነው ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ነበር፤ ዛሬ የሚመረጠው ከጆሮ በላይ ያለው የማኘኪያ ጡንቻ ስስ ሽፋን ነው። ሐኪሙ ትንሽ ቁራጭ ይወስዳል፤ ጠፍጥፎ ያደርቀዋል፤ የቀዳዳውን ጠርዝ ፍቆ ያደማና ቁራጩን ከታምቡሩ ሥር ያነጥፋል። አዲስ ታምቡር አልሠራም፤ ቆዳው የሚሻገርበት ድልድይ ነው ያነጠፈው። ቀሪውን ቆዳው ራሱ በሳምንታት ይጨርሰዋል።

በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ታካሚው አፍንጫውን አጥብቆ መናፈጥ፣ አፉን ዘግቶ ማስነጠስ፣ ጆሮውን ማርጠብ የለበትም። ይህን ስንናገር ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ በሦስተኛው ቀን ፀጉሩን ታጥቦ የሚመጣም አለ።