የአይረን ኪኒንና የቡና ሰዓት

ለእርግዝና ክትትል ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ የአይረን ኪኒን ተሰጥቶዎት ይሆናል። ብዙ እናቶች ለጥቂት ቀናት ይወስዱትና ይተዉታል። "ሆዴን አቃጠለኝ"፣ "ዓይነ ምድሬን አጠቆረው"፣ "ልጁን አግዝፎ ምጤን ያከብደዋል" ይላሉ። ስጋታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ኪኒኑን መተው የሚያመጣው ጉዳት ግን ይብሳል።

አይረን ማለት የብረት ማዕድን ነው። ደም ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ መላው ሰውነት የሚያደርሰው በእርሱ ነው። በእርግዝና ወቅት የእናቲቱ ደም መጠን ይጨምራል፤ ጽንሱም የራሱን ደም ይሠራል። ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው አይረን ደግሞ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ደም ያነሳት እናት ስትወልድ፣ ሌላዋ የምትቋቋመው የደም መፍሰስ የእርሷን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በዚያው ኪኒን ውስጥ ያለው ፎሊክ አሲድ ደም እንዲመረት ይረዳል፤ ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተወሰደ ደግሞ የሕፃኑ አከርካሪ በትክክል እንዲሠራ ያግዛል። ስለዚህ ክትትልዎን ቀደም ብለው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አይረኑን አንጀት ውስጥ ስለሚይዙት ብዙው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ኪኒኑን ውጠው ወዲያው አቦል ከጠጡ ጥቅሙን ቀነሱት ማለት ነው። ቡና ተዉ አንልም፤ ብንልም የሚሰማን አይኖርም። ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ግን ለሁለት ሰዓት ያህል ያራርቁት። ማታ ሊተኙ ሲሉ በውኃ መውሰድ ይቀላል። ሆድዎን ካቃጠለዎት ከእራት በኋላ ያድርጉት። አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ሁለት አይውሰዱ።

የዓይነ ምድር መጥቆር የተረፈው አይረን ሲወጣ የሚታይ ነው፤ በሽታ አይደለም። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ወይም ራስዎን ካዞረዎት ግን ወደ ክሊኒክ ይምጡ። ኪኒኑ ሕፃኑን ከልክ በላይ አያገዝፍም።

በጎ ፈቃደኞች፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ "ትወስጃለሽ ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "ስንት ቀረሽ? ቡናስ መቼ ትጠጫለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። ኪኒኑ የት እንደተቀመጠም እዩ። ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ይወዱታል፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ እንኳ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ቁም ሣጥን በሌለበት ቤት ክዳን ባለው ቆርቆሮ አድርጎ ከጣሪያው ማገር ላይ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ይበጃል። ልጅ ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ከነከረጢቱ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። አስመልሶ የተሻለው ቢመስልም እንኳ ውሰዱት፤ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊብስበት ይችላል።