በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የፊት ክፍል በኋላ ጎማ ብቻ ለሚጎትተው ስለ ማዋል

በዋግ ኽምራ ወደ ደኻና ወረዳ ከተማ ወደ አምደወርቅ የሚመላለስ መኪና ድንጋይና ቁልቁለት እንዴት እንደሚፈትኑት በዚያ ያገለገለ ሹም ሁሉ ያውቀዋል። ዝናሙ በጥቂት ወራት ወርዶ መንገዱን በሚሸረሽርበት፥ ገበሬውም ዘርና ማዳበሪያ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ቢቆም፥ የሚጠፋው የጥገና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ዓመት የዘር ወቅት ያልፋል።

ከዚህ የተነሣ ሞተሩ የሞተ፥ በአራቱም ጎማ የሚጎትት (ሾፌሮች ፎርዊል የሚሉት) መኪና በግቢው ቆሞ ሲታይ፥ የፊቱን ክፍል አውጥቶ በኋላ ጎማ ብቻ ለሚጎትተው ፒክአፕ መግጠም ይቻላል የሚል አሳብ ይነሣል። አሳቡ ከንቱ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ያወጣው ታኮማ ፕሪራነር የተባለው ፒክአፕ ቁመቱ የፎርዊሉ ሲሆን የሚጎትተው የኋላው ጎማ ብቻ ነበር፤ ስሙም በሜክሲኮ በባሃ ካሊፎርኒያ በረሓ ከእሽቅድምድም አስቀድመው መንገዱን ከሚመለከቱት መኪናዎች የተወሰደ ነው። ማርሞን ሄሪንግተን የተባለው የኢንዲያናፖሊስ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ተቃራኒውን እየሠራ የፎርድን ካሚዮኖች ወደ ፎርዊልነት ይለውጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ከፍታ አንድ ነገር፥ የመጎተት ኀይል ሌላ ነገር ነው። የፎርዊሉ ሞላና አሞርዛተር የመኪናውን አፍንጫ ከፍ ያደርጋሉ እንጂ የፊቱን ጎማ አያስጎትቱም። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። በፒክአፑ ኋላ ያለው ዲፈረንሻል ከጎማው ጋር በአንድ አክስ የታሰረ ስለ ሆነ፥ ባሌስትራውን የቱንም ያህል ቢያስነሡት ከመሬት አይርቅም፤ ድንጋዩ የሚመታው ያንኑ ነው። እርሱን የሚያነሣው የጎማው ትልቅነት ብቻ ነው፤ የጎማው ዲያሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ በ5 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ነገር ግን ጎማው በገነነ መጠን ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፥ ፍሬኑም ይከብደዋል። ዲያሜትሩ ከዐሥር አንድ እጅ ቢበልጥ፥ የፍጥነት መቍጠሪያው 50 ሲል መኪናው በ55 ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው የጎማው ኩሽኔታ ነገር ነው። (ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ዳዶ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሰዎቹ በ1933 ዓ.ም. ሲወጡ ቃሉን ትተውልን ሄዱ።) በቆየው በላንድክሩዘር 70 ዐይነት ኩሽኔታው በራሱ ዳዶ የታሰረ ስለ ሆነ፥ ኀይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ (ሴሚያስ) ቢወጣ ጎማው ከቦታው አይናወጥም። በብዙዎቹ አዳዲስ ፎርዊሎች ግን ኩሽኔታው በአንድነት ታሽጎ የተሠራ ሲሆን፥ ጨብጦ የሚይዘው የሴሚያሱ ጫፍና በላዩ የሚጠብቀው ዳዶ ነው። የፊት ዲፈረንሻል ስለሌለ ሴሚያሱ ምን ይሠራል ብሎ መካኒኩ ከነጫፉ አውጥቶ ቢጥለው፥ ኩሽኔታው በጥቂት መንገድ ይላላል፤ ወደ ተከዜ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ይህ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ መካከለኛው ዘንግ ቢወገድም፥ የውጪው መገጣጠሚያ ከነጫፉ በቦታው ቀርቶ ዳዶው ፋብሪካው በወሰነው ልክ መጥበቅ አለበት።

የፍሬኑም የጎማ ቱቦ ይታይ፤ የፊቱ ክፍል ከፍ ሲል ያጥራልና፥ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞር መወጠር የለበትም። የመሪው ዘንግ ማዘንበልም ጎማን በአንድ ወገን ይበላል፤ ስለዚህ የጎማው አቀማመጥ እንደገና በመሣሪያ ይለካ።

በእኛ ግምት ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ጽሕፈት ቤት ከዚህ ሁሉ ይልቅ የኋላውን ዲፈረንሻል መቈለፊያ ቢያስገጥም ይበልጥ ይጠቀማል። ያለ መቈለፊያ አንዱ የኋላ ጎማ በጭቃ ላይ ሲንሸራተት ሌላው ያለ ሥራ ይቆማል፤ መቈለፊያው ግን ሁለቱን እኩል ያዞራቸዋል። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ላይ ግን መፈታት አለበት፤ አለዚያ መታጠፊያ ላይ ሴሚያሱን ይጎዳል።

ለውጡ የግድ ነው ከተባለ፥ በኋላ ጎማ ብቻ የሚጎትተው መኪና ሻንሲ የፎርዊሉን የፊት ክፍል በቡሎን የሚቀበል መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። በቆዩት ሂሉክሶች የሁለቱ ሻንሲ የተለያየ ነው፤ በብየዳ ማስማማትም አይገባም። ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናው ያለ ጭነት ይሞከር፥ ዳዶዎቹም ዳግመኛ ይጥበቁ፥ ከዚያም ለቴክኒክ ምርመራ ይቅረብ። መለዋወጫ ሲጠየቅ በማመልከቻው ላይ የሁለቱም መኪናዎች የሻንሲ ቍጥር ይጻፍ።