ሜዳ ዳር የሚሰጥ ትምህርት

ጨዋታ ለማየት የገባ ሰው ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው። በሩን ማን እንደከፈተ፣ ወንበሩን ማን እንደቆጠረ፣ የስፖንሰሩ ስም ከካሜራው ፊት እንዲውል ማን እንዳደረገ አያስብም፤ ማሰብም አይጠበቅበትም። ተመልካቹ ሳያስበው ሁሉም ነገር በቦታው እንዲገኝ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ይህ ሙያ ዛሬ በብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ተማሪዎቹ ከክፍል ወጥተው እውነተኛ ውድድር ላይ የሚሠሩበት ሰዓት ደግሞ፣ እኔ እንደማምነው፣ የትምህርቱ ዋነኛ ክፍል ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የብሩክሊን ዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ዋልተር ኦማሊ፣ ቡድናቸውን ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ለማዛወር በሚጣጣሩበት በዚያ ዓመት፣ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ለነበሩት ለጄምስ ሜሰን ጻፉ። ስታዲየም፣ የፈረስ እሽቅድድም ሜዳ ወይም የኤግዚቢሽን አዳራሽ ለማስተዳደር፣ አለዚያም በአንድ የስፖርት ቡድን ውስጥ የኃላፊነት ቦታ ለመያዝ በትምህርት የተዘጋጀ ሰው ከወዴት ይገኛል ብለው ጠየቁ። እንዲህ ያለ ሰው የሚያወጣ የማስተርስ ትምህርት ገና አልነበረም። ሜሰን ጥያቄውን ይዘው ቆዩ። በኋላ ወደ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩና በ1966 በዚያ የስፖርት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ተከተለ። በ2000 ደግሞ ፊፋ ማስተር የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ፤ ተማሪዎቹ ሌስተር ላይ የስፖርትን ታሪክ፣ ሚላን ላይ አስተዳደሩን፣ ኒውሻቴል ላይ ሕጉን እየተማሩ ሦስት አገር ይዞራሉ።

ኦማሊ የፈለጉት ዓይነት ሰው ግን ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ አይወጣም። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ እንውሰድ። የአሜሪካ የወንዶች የኮሌጅ ጨዋታ ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሾች አሉት። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ አጋማሽ ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲወርድ፣ ኳሷ መጀመሪያ በቆመችበት ቅጽበት ለማስታወቂያ እረፍት ይሰጣል። እቤቱ የተቀመጠው ሰው ማስታወቂያ ያያል፤ አዳራሽ ውስጥ ያለው ደግሞ በእነዚያ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ክለቡ ያንን ጊዜ ሸጦታል፤ ለምሳሌ ለሰፈሩ ፒዛ ቤት። አንድ ደጋፊ ከመሀል ሜዳ ኳስ ይወረውራል፣ ካገባ ፒዛ በነጻ ይበላል።

ይህንን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትመራዋለች እንበል። እጇ ላይ ምሽቱ በሙሉ በደቂቃ የተከፋፈለበት ወረቀት አለ። በየትኛው እረፍት ምን እንደሚካሄድ፣ ማይክ ማን እንደሚይዝ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ የማን ዓርማ እንደሚወጣ፣ አስተዋዋቂው የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚያነብ ተጽፏል። ወረቀቱ የማይነግራት እረፍቱ መቼ እንደሚመጣ ነው። ሰዓቱ 11 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ሲያሳይ ኳሷ ካልቆመች ጨዋታው ይቀጥላል፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳትቆም ልትቆይም ትችላለች። ስለዚህ ደጋፊውን ቀድማ መርጣለች፣ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ አጣርታ ለአስተዋዋቂው ሰጥታለች፣ ሰውየውን ሜዳው ጥግ አቁማ «ሳልነግርህ እንዳትገባ» ብላዋለች። ፊሽካው ሲነፋ በሬዲዮ ድምፅ ታሰማለች፣ ይገባሉ፣ ይወረውራል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ተጫዋቾቹ ሲመለሱ ሜዳው ላይ አንድም ሌላ ሰው መገኘት የለበትም። የደጋፊው ጫማ ቢያንሸራትት ወይም ማይኩ ቢጠፋ ምን እንደምታደርግ በዚያችው ቅጽበት መወሰን ያለባት እሷ ናት።

ከጎኗ ሌላ ተማሪ ፎቶ ያነሳል። ፎቶው የውል ማስረጃ ነው። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ክለቡ የስፖንሰሩ ስም ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ የት የት እንደታየ፣ ስንት ሰው ፊት እንደቀረበ በሪፖርት ሰብስቦ ያስረክባል፤ ፒዛ ቤቱ ለመጪው ዓመት እንደገና ይክፈል አይክፈል የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። ፎቶ አንሺው ልጅ በኋላ ሪፖርቱን ራሱ እንዲጽፍ ከተደረገ፣ ስፖንሰርሺፕ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ ወዲያ አይረሳውም።

ሌላው ሥራ ብዙም አይታይም። በር ላይ ትኬት ማንበብ፣ ባጅ ማደል፣ ጋዜጠኛውን ወደ ቦታው ማድረስ አለ። ታብሌት ይዞ ተመልካቹን ከየት እንደመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚያድርና ምን ያህል እንዳወጣ መጠየቅም አለ፤ ውድድሩ ለከተማው ምን ገቢ አመጣ የሚለው ስሌት የሚነሳው ከዚህ መልስ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ግን ትኬት በስልክ መሸጥ ይመስለኛል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪዎቻቸውን በእውነተኛ ቡድን ስም እያስደወሉ ያሸጣሉ። የማታውቀው ሰው ስልኩን ጆሮህ ላይ ሲዘጋብህ፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር በዚያው መልካም ድምፅ መደወል በመጽሐፍ አይጠናም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቡድን ቤት ለሚቀጠር ወጣት መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራም ብዙ ጊዜ ይኸው ሽያጭ ነው።

እንደ ሱፐር ቦውል (የአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ) ያሉ ውድድሮች በየዓመቱ ከተማ ስለሚቀያይሩ የሰው ኃይሉ ሁልጊዜ ከአዲስ ይሰበሰባል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን አስከትለው የሚሄዱበት ምክንያት ይህ ነው፤ አዘጋጁ ብዙ እጅ ይፈልጋል፣ ተማሪው ደግሞ ልምድና የሚያውቀው ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። አትራፊ ድርጅት በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ተማሪ በነጻ መሥራቱ ፍትሐዊ ነው? በ2013 የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የከዋክብት ጨዋታውን ኒውዮርክ ላይ ሲያካሂድ በደጋፊዎች ፌስቲቫሉ ያለ ክፍያ ያገለገለ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ ደሞዝ ይገባኝ ነበር ብሎ ሊጉን ከሰሰ። በ2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሊጉን የሚደግፍ ውሳኔ ሰጠ፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት የመዝናኛ ተቋም ከዝቅተኛ ደሞዝ ግዴታ ነጻ ነው በሚለው የሕግ አንቀጽ መሠረት። ሕጉ እንዲህ ቢልም ለትምህርት ሰው ጥያቄው አልተዘጋም። ካርቶን ሲያወርድ ውሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ ጉልበቱን ሰጠ እንጂ አልተማረም። የሚማረው ሥራው ሲያልቅ ከኃላፊው ጋር ተቀምጦ ሰልፉ ለምን በሦስተኛው በር ብቻ እንደተጨናነቀ ሲነጋገር ነው። ያ ንግግር የሌለበት ልምምድ ክፍያ ሊኖረው ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም።

እኛም ዘንድ የስፖርት አስተዳደርን ሜዳ ዳር የተማሩ ታላላቅ ሰዎች ነበሩን። ኦማሊ ደብዳቤውን በጻፉበት በዚያው በ1957 ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረተች። ኮንፌዴሬሽኑን ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ፣ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። በየደረጃው እየሠሩ ነው የተማሩት። ዛሬ እንዲህ ያለውን ዕድል ብዙ ወጣት እንዲያገኘው ማድረግ ይቻላል፤ ሜዳውም አለ። በ2001 በ10,000 ሯጮች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ አዲስ አበባን ይሞላታል። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በጁላይ መባቻ ሰሞን ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ውድድር ያካሂዳል፤ ትኬት አለ፣ ስፖንሰር አለ፣ ሙዚቃና ንግድ አለ፣ ሕዝቡም ከየስቴቱ ይመጣል። ሥራውን ከሚሸከሙት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ልጃችሁ ስፖርት ማኔጅመንት ልማር ሲላችሁ «ኳስ ተምረህ ምን ልትሆን?» የምትሉ ወላጆች፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ በኋላው በር አስገብታችሁ ሥራውን አሳዩት፤ እናንተም እዩት። የውድድር አዘጋጆች፣ ለተማሪ የሚሆን ቦታ በግልጽ አውጡ፤ ከበር ጥበቃ አልፎ የትኬት ሒሳቡንና የስፖንሰር ሪፖርቱንም የሚነካ ቦታ ይሁን። አንተም ተማሪው፣ አንቺም ተማሪዋ፣ ጥሪ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ውድድሩ ገና ወራት ሲቀሩት ለአዘጋጆቹ ጻፉ። ስትጽፉም፣ ሥራው ባለቀ ማግስት ከኃላፊው ጋር የምትቀመጡበት አንድ ሰዓት እንዲሰጣችሁ ከወዲሁ ጠይቁ።