ጡንቻ ሥራ ሲፈታ፦ እንቅስቃሴ፣ የሰውነት ክብደትና ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ሁሉም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በአውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተቆረቆሩ፣ ንግድና መንገደኛ የማይለያቸው ከተሞች ናቸው። የሚመሳሰሉበት ሌላም ነገር አለ፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመድረስ በእግር መሄድ ግድ አይደለም። ቀድሞ የፈረስ ጋሪ፣ ዛሬ ደግሞ በአብዛኛው ባጃጅ ሰውን ከደጁ አንሥቶ ከሚፈልግበት ደጃፍ ያደርሰዋል። ፀሐዩ ጠንካራ፣ ጊዜውም ውድ ስለሆነ ባጃጅ መሳፈርን ማንም እንደ ስንፍና አይቆጥረውም፤ እኛም አንቆጥረውም። ይሁን እንጂ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ፣ አንድ ሥራ ከእግር ወደ ሞተር በተዛወረ ቁጥር እግር ሊያወጣው የነበረው ጉልበት እንዲሁ በንኖ አይጠፋም፤ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ የት እንደሆነ ማወቅ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ እንዴት እንደሚመጣ ለመረዳት ጥሩ መነሻ ይሆነናል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር

በቅድሚያ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ጤናማ ሰው ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት ሲመረመር፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደሙ ውስጥ የሚገኘው ግሉኮስ ከ100 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም ይዘዋወራል። ሁለቱን ስናባዛ የምናገኘው ቢበዛ 5 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ በመላው ደማችን ውስጥ የሟሟው ስኳር ተሰብስቦ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሞላ ነው።

በሌላ በኩል አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። በእንጀራ፣ በዳቦና በፓስታ ውስጥ ያለው ስታርችም በአንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ግሉኮስ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ማዕድ በኋላ ወደ ደም የሚገባው ግሉኮስ አስቀድሞ በደም ውስጥ ከነበረው ብዙ እጥፍ ነው። ሆኖም በጤናማ ሰው ዘንድ መጠኑ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ታዲያ ትርፉ ወዴት ሄደ?

ቦዩ፣ ማሳውና የውኃ አባት

መልሱን ለመረዳት ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ ወደ ወንጂ እንውረድ። እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አገዳውን የሚያለማው በአዋሽ ውኃ ነው። ውኃው በቦይ ይመጣል፤ ከቦዩ ወደ ማሳ የሚገባው ግን መክፈቻው ሲነሣ ብቻ ነው። መክፈቻዎቹ ተዘግተው ውኃው መምጣቱን ከቀጠለ ቦዩ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላም ዳርቻውን ይሸረሽራል።

ደም እንደ ቦዩ፣ ግሉኮስ እንደ ውኃው፣ ጡንቻ ደግሞ እንደ ማሳው ነው። በመስኖ አገር ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል “የውኃ አባት” እንዳለ ሁሉ፣ በሰውነታችንም መክፈቻው እንዲነሣ የሚያዝዘው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ነው። ኢንሱሊን የጡንቻን ሕዋስ ሲነካ፣ በሕዋሱ ውስጥ የተቀመጡ ግሉኮስ አሳላፊ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ሽፋን ይወጡና ግሉኮሱን ያስገባሉ። ጡንቻም የገባውን ያቃጥለዋል፤ ያልተቃጠለውን ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቸዋል። በአንድ ጎልማሳ ጡንቻዎች ውስጥ 400 ግራም፣ በጉበቱ ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ያህል ግላይኮጅን ሊከማች ይችላል።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ጎተራው ሙሉ ከሆነ አዲስ እህል አይቀበልም። ሲንቀሳቀስ ያልዋለ ጡንቻ የትናንቱን ግላይኮጅን ገና ስላልጨረሰ ለዛሬው በቂ ቦታ የለውም። ሁለተኛ፣ ጡንቻ በሚኮማተርበት ጊዜ መክፈቻዎቹን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ በራሱ ያነሣል። የሚራመድ ሰው እግሮች የውኃ አባቱን ሳይጠብቁ ከቦዩ ይጠጣሉ ማለት ነው። ከዚህም በላይ እንቅስቃሴው ካበቃ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያህል ጡንቻው ለኢንሱሊን ትእዛዝ ይበልጥ ታዛዥ ሆኖ ይቆያል። በሰውነታችን ውስጥ ትልልቆቹ ጡንቻዎች የሚገኙት በጭንና በመቀመጫ ስለሆነ፣ መራመድ ሰፊውን ማሳ ያጠጣል።

ክብደት የሚገባው ከየት ላይ ነው?

አሁን ወደ ጉልበቱ ስሌት እንመለስ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ 50 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል፤ ያንኑ ጊዜ ተቀምጦ ቢያሳልፈው ግን 15 ያህል ብቻ ያወጣል። ልዩነቱ 35 ነው። ሥራ ቦታው 2 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው ደርሶ መልሱን በባጃጅ ቢያደርገው በቀን 140፣ በዓመት 300 የሥራ ቀናት ቢኖሩት 42,000 ኪሎ ካሎሪ ሳያወጣ ይቀራል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ፣ አመጋገቡ ካልተለወጠ ውጤቱ በዓመት ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ስብ ነው። በእርግጥ ሰውነት ተራ ሚዛን አይደለም፤ እየከበደ ሲሄድ ወጪውም ስለሚጨምር እውነተኛው ጭማሪ ከዚህ ያንሳል። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

የሚጨምረው ስብ ሁሉ እኩል ጉዳት አያደርስም። ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው በአንጻሩ የዋህ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ በጉበትና በጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ የሚገባው ግን የኢንሱሊንን ትእዛዝ ያደናቅፋል። የውኃ አባቱ ይጮኻል፤ መክፈቻው አይነሣም። ቆሽትም ይህን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ለዓመታትም ሊቋቋመው ይችላል። በመጨረሻ አቅሙ ሲዳከም የደም ስኳር ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ የሚባለውም ይኸው ነው። በአብዛኛው በልጅነትና በወጣትነት ከሚጀምረው፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ከሚያጠፋበት ዓይነት አንድ በዚህ ይለያል። በሁለቱም ዓይነት ከልኩ ያለፈው ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የዓይንን፣ የኩላሊትንና የነርቭን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል።

በአገራችን “ወፈርክ፣ ተመችቶሃል” ማለት ምርቃት ሲሆን፣ የከሳ ሰው ደግሞ “ምነው አመመህ?” ተብሎ ይጠየቃል። ረኀብን ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አነጋገር ምክንያት አለው። ዛሬ ግን ቦርጭ የምቾት ምልክት ብቻ ሳይሆን የማስጠንቀቂያ ደወልም ነው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ካለፈ ደወሉ ተደውሏል፤ ይህን ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል።

ከወገኖቻችን የተገኘ ምስክርነት

ከአዳማ በስተ ደቡብ ያሉት የአርሲ ደጋዎች ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ የዓለም ሯጮችን አፍርተዋል። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያዊ ሰውነት በተፈጥሮው ከእንዲህ ያለ በሽታ የተጠበቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ብዙዎቹ ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። ነገር ግን ገና እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት ቀድመው በመጡት ወጣት ጎልማሶች ዘንድ በሽታው በብዛት መገኘቱን ዘገበ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናከሩ፤ በተጨማሪም በሽታው እነርሱን የሚይዛቸው ከሌላው የአገሪቱ ነዋሪ ባነሰ የሰውነት ክብደት ላይ መሆኑን አሳዩ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዘር ውርስ አይለወጥም። የተለወጠው የዕለት ኑሮ ነው፤ የእግር መንገዱ በአውቶቡስ፣ የገጠሩ ማዕድ በነጭ ዱቄትና በጣፋጭ ተተካ። ከገጠር ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የሚመጣ ሰው ባሕር ባይሻገርም በአኗኗር ረገድ ተመሳሳይ ጉዞ ያደርጋል። “እኔ ወፍራም አይደለሁም” የሚለው ማጽናኛም ሙሉ ዋስትና አይደለም።

ስጋቱ ይቀንሳልን?

አዎን፣ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ፊንላንድ ውስጥ በ522 ሰዎች ላይ፣ በ2002 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ3,234 ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው ታተመ። ተሳታፊዎቹ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ገና በሽታው ያልያዛቸው ነበሩ። በሁለቱም አገሮች አመጋገብን ማስተካከልና አዘውትሮ መንቀሳቀስ ወደ በሽታው የሚያልፉትን ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። በአሜሪካው ጥናት ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት የቀነሰው 31 በመቶ ነበር። የአሜሪካኖቹ ግብ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚሁ ጥናት የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ስጋቱን በ16 በመቶ ዝቅ አድርጓል።

ለርእሳችን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። የክብደት ግባቸውን ሳይመቱ የእንቅስቃሴ ግባቸውን ብቻ ያሟሉት ሰዎችም ካላሟሉት ይልቅ በ44 በመቶ ያነሰ በበሽታው ተይዘዋል። ቀደም ሲል ያየነው የጡንቻ አሠራር ይህን ያስረዳል፤ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም መክፈቻው ይነሣል፤ ጎተራውም ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ስንራመድ ከርመን ኪሎ አልቀነስንም ብለን የምንተው ከሆነ፣ ከጥቅሙ ትልቁን ድርሻ እንጥላለን።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዕድሜያችሁ በሽታው ከእናንተ ይልቅ የወላጆቻችሁና የመምህራኖቻችሁ ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። ሆኖም ለዓመታት ድምፅ ሳያሰማ የሚሄድ በሽታ ነው። በጾም ሆድ የተለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም ደርሶ ወይም አልፎ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ይባላል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ግን መመለስ የሚቻልበት ደረጃ ነው። በቤተሰባችሁ ውስጥ ወገቡ የሰፋ ወይም የሥጋ ዘመዱ በሽታው ያለበት ሰው ካለ እንዲመረመር ምከሩት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ስለሚችል እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ባጃጅን መተው አያስፈልግም። 2 ኪሎ ሜትር በመጠነኛ ፍጥነት 25 ደቂቃ ይወስዳል። ከደርሶ መልሱ አንዱን ብቻ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ማታ ከበረደ በኋላ፣ በሳምንት 6 ቀን በእግር ብንሄድ 25 በ6 ሲባዛ 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ከጎልማሶች የሚጠበቀው ዝቅተኛ መጠን ይኸው ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆናችሁ ግን በቀን 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ ስለሚገባችሁ፣ ለእናንተ መሄጃውም መመለሻውም በእግር ቢሆን ይመረጣል።