ስማርት ሰዓትን እንደ ሙዚቃ ማጫወቻና እንደ ቀላል ስልክ መጠቀም

ስማርት ሰዓት በእጅ ላይ የሚታሰር፣ የራሱ ፕሮሰሰር፣ ማከማቻ፣ ስክሪንና ባትሪ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከስማርት ስልክ ጋር ተጣምሮ ስለሚሠራ፣ ባለቤቱ ስልኩን ሲቀይር ወይም አዲስ ሰዓት ሲገዛ አሮጌው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ማሰሪያውን አውልቆ በኪስ የሚያዝ ሙዚቃ ማጫወቻ፣ ወይም ጥሪና አጭር መልእክት ብቻ የሚያስተናግድ ቀላል ስልክ አድርጎ መጠቀም ይቻላል።

ይህ በሁሉም ሰዓት ላይ አይሳካም። የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሰዓቱ የድምፅ ፋይል በራሱ ውስጥ ማስቀመጥ መቻሉ፣ ድምፁን ወደ ጆሮ ማዳመጫ መላክ መቻሉ፣ እና ያለ ስልክ ብቻውን መሥራት መቻሉ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው የመጨረሻው ነው።

ታሪክ

ሙዚቃ ማጫወቻ ወደ ሰዓት የተለወጠበት አጋጣሚ ሰዓት ወደ ሙዚቃ ማጫወቻ ከመለወጡ ይቀድማል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ስድስተኛው ትውልድ አይፖድ ናኖ 1.54 ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን የንክኪ ስክሪን ነበረው፤ ሰዓትም ያሳይ ነበር። ተጠቃሚዎች ማሰሪያ እያበጁለት እጃቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቺካጎው ንድፍ ባለሙያ ስኮት ዊልሰን ለዚሁ ማጫወቻ የሚሆን የእጅ ማሰሪያ ለመሥራት በኪክስታርተር ድረ ገጽ ከ940 ሺህ ዶላር በላይ ከሕዝብ አሰባስቧል።

ከዚያ በኋላ ሰዓቶቹ ራሳቸው አቅማቸው አደገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጎግል አንድሮይድ ዌር (በኋላ ዌር ኦኤስ የተባለው) ሙዚቃን በሰዓቱ ውስጥ አስቀምጦ ያለ ስልክ በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ማጫወት የሚያስችል ማሻሻያ አገኘ። በዚያው ዓመት ሳምሰንግ የራሱ ሲም ካርድ የሚገባበትንና በ3ጂ የሚደውለውን ጊር ኤስ አቀረበ። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል ዋች ሲሪስ 3ን ከኢሲም ጋር አወጣ። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ለሯጮች ያቀረበው ፎርረነር 645 ሙዚክ እስከ 500 ዘፈኖችን ይይዛል። ዛሬ በአሮጌነት የሚጣሉት ሰዓቶች በአብዛኛው የዚህ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ወሳኝ የሆኑ ባሕርያት

ማከማቻ፦ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተቀዳ የኤምፒ3 ፋይል ለአንድ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወስዳል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 5 ሜጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 2 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ያለው ሰዓት ወደ 400 ዘፈኖች ይይዛል። ለስብከት፣ ለትረካ፣ ለቋንቋ ትምህርትና ለመሳሰሉት የንግግር ቅጂዎች በአንድ የድምፅ መስመር 64 ኪሎቢት በሰከንድ በቂ ስለሆነ፣ አንድ ጊጋባይት ብቻ ከ30 ሰዓታት በላይ የሚሰማ ድምፅ ይይዛል። በአንጻሩ ፓይንታይም የተባለው ክፍት ምንጭ ሰዓት ያለው ተጨማሪ ማከማቻ 4 ሜጋባይት ነው፤ በዚህ መጠን አንድ ሙሉ ዘፈን እንኳን አይገባበትም።

የብሉቱዝ ዓይነት፦ ብሉቱዝ አለው የተባለ ሰዓት ሁሉ ድምፅ ወደ ጆሮ ማዳመጫ አይልክም። ርካሽ የስፖርት ሰዓቶች ብዙዎቹ ያላቸው ጥቂት ኃይል የሚጠቀመው ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ ብቻ ነው። ይህ የልብ ምትና የእርምጃ ቁጥርን ለመሳሰለ አነስተኛ መረጃ የተሠራ ነው። የተለመዱት ገመድ አልባ ጆሮ ማዳመጫዎች ግን ብሉቱዝ ክላሲክንና ኤቱዲፒ የተባለውን የድምፅ ማስተላለፊያ ደንብ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ኤልኢ ኦዲዮ ድምፅን በሎው ኢነርጂ ለመላክ ያስችላል፤ ሆኖም ሰዓቱም ጆሮ ማዳመጫውም ለዚሁ የተሠሩ መሆን አለባቸው።

በማስታወቂያ ላይ «ሙዚቃ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ሙዚቃ ማጫወት ሲሆን፣ ሌላው በስልክ ላይ የሚጫወተውን ሙዚቃ ከሰዓቱ ማቆምና ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ብቻ ያለው ሰዓት ስልኩ ሲርቅ ድምፅ የለውም። ልዩነቱን ለማወቅ የሰዓቱን ቅንብሮች ከፍቶ ጆሮ ማዳመጫ የሚፈልግ የብሉቱዝ ዝርዝር መኖሩን ማየት ይበቃል።

ከስልክ ነፃ መሆን፦ ብዙ ሰዓቶች ወደ ፋብሪካ ቅንብር ከተመለሱ በኋላ ከስልክ መተግበሪያ ጋር ካልተጣመሩ ከመጀመሪያው ገጽ አያልፉም። መተግበሪያው ከተቋረጠ ሰዓቱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጥቅም አልባ ይሆናል። ፔብል ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2012 በኪክስታርተር ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ ተነሣ፤ በ2016 ንብረቱን ፊትቢት ገዛው፤ የኢንተርኔት አገልግሎቶቹም በጁን 2018 ተዘጉ። ሰዓቶቹ ሥራቸውን የቀጠሉት ሬብል የተባለ የተጠቃሚዎች ስብስብ ተተኪ አገልግሎት ስላቋቋመ ነው። ጎግል የፔብልን ስርዓተ ክወና ምንጭ ኮድ በ2025 ለሕዝብ ከፍቷል።

ከሁለተኛ እጅ ገበያ ለሚገዛ ሰው የአፕል ዋች የማስነሻ ቁልፍም አሳሳቢ ነው። የቀድሞው ባለቤት ሰዓቱን ከራሱ አካውንት ካላወጣው፣ አዲሱ ባለቤት ወደ ፋብሪካ ቅንብር ቢመልሰውም የቀድሞውን የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሰዓቱን ከሻጩ ስልክ አለያይቶ ከገዢው ስልክ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል።

እንደ ሙዚቃ ማጫወቻ

ሥራውን ከመጀመር በፊት የሚሠራ ሰዓትን ወደ ፋብሪካ ቅንብር አለመመለስ ይመረጣል። መመለሱ የተጫኑትን ዘፈኖች ያጠፋል፤ ሰዓቱንም እንደገና ስልክ ጠያቂ ያደርገዋል። ጥምረቱ እንዳለ ሆኖ ሰዓቱን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ማድረግና ብሉቱዙን ብቻ ለጆሮ ማዳመጫ መልሶ መክፈት ይበቃል። ይህም ባትሪ ይቆጥባል።

ፋይል የማስገቢያው መንገድ እንደ ሰዓቱ ዓይነት ይለያያል፦

በጋርሚን የሙዚቃ ሰዓቶች፦ ሰዓቱን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል። ስልክ አያስፈልግም።

በቀድሞዎቹ የሳምሰንግ ታይዘን ሰዓቶች፦ ዘፈኖቹ የሚገቡት ጋላክሲ ዌረብል በተባለው የስልክ መተግበሪያ ነው። ከገቡ በኋላ ስልኩ ቢጠፋም ይጫወታሉ።

በአፕል ዋች፦ ዘፈኖች የሚመረጡት በአይፎን ላይ ሲሆን፣ ዝውውሩ የሚካሄደው በአብዛኛው ሰዓቱ ቻርጀር ላይ ሳለ ነው። በተራ ፋይል ቅጂ ማስገባት አይቻልም።

በዌር ኦኤስ ሰዓቶች፦ በቅንብሮች ውስጥ የግንባታ ቁጥር የሚለውን መስመር ሰባት ጊዜ ሲነኩት የገንቢ አማራጮች ይከፈታሉ። ከዚያ ኤዲቢ የተባለውን የኮምፒውተር መሣሪያ በዋይፋይ አገናኝቶ ፋይሎችን ወደ ሰዓቱ የሙዚቃ ፎልደር መላክና የማጫወቻ መተግበሪያ መጫን ይቻላል። ሥራው ሲያልቅ የገንቢ አማራጮችን መልሶ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ክፍት ከቀሩ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ሰዓቱን ለመድረስ ሊሞክር ይችላል።

ሚሞሪ ካርድ በሚቀበሉ ርካሽ ሰዓቶች፦ ካርዱን አውጥቶ በኮምፒውተር ወይም በካርድ ማንበቢያ መሙላት ነው። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው።

የአማርኛ ፋይል ስሞች

የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዘመናዊዎቹ የአፕልና የአንድሮይድ ስልኮች ላይ በትክክል ይታያል። ርካሽ ሰዓቶች ግን ብዙ ጊዜ የግእዝ ቅርጸ ፊደል ስለሌላቸው የዘፈኑ ስም በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ይታያል። ስሙ ሳይነበብ ድምፁ ሊጫወት ይችላል፤ አንዳንድ ሰዓት ግን ፋይሉን ጭራሽ አይከፍተውም። መፍትሔው ፋይሎቹን በቁጥር መሰየም፣ ለምሳሌ 001፣ 002 እያሉ መሄድ፣ እና ዝርዝሩን በወረቀት መያዝ ነው። ለእያንዳንዱ ዘማሪ ወይም ዘፋኝ የተለየ ፎልደር መክፈት ፍለጋውን ያቀላል። የዘፈኑ ርዕስ ከፋይሉ ስም ሌላ በፋይሉ ውስጥም ስለሚጻፍ፣ ሳጥኖቹ ከቀጠሉ እሱንም በኮምፒውተር መቀየር ያስፈልጋል።

እንደ ቀላል ስልክ

ሰዓትን እንደ ቀላል ስልክ መጠቀም የሚፈልጉ ሰዎች ምክንያታቸው የተለያየ ነው፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ ለመራቅ፣ በፈተና ዝግጅት ወቅት ትኩረትን ለመጠበቅ፣ ወይም ለልጅና ለአረጋዊ ወላጅ አነስተኛ መደወያ ለመስጠት። ስክሪኑ ትንሽ መሆኑ እዚህ ጥቅም ይሆናል፤ ረጅም ቪዲዮ ለማየት አይመችም።

ለዚህ የሚሆኑ ሰዓቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በኢሲም የሚሠሩ ውድ ሰዓቶች ናቸው። አገልግሎታቸው በኔትወርክ አቅራቢው ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ በአንድ አገር የሚደውለው ሰዓት በሌላው ላይደውል ይችላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 የራሱ አይፎን ለሌለው የቤተሰብ አባል ሰዓት ማዘጋጀት የሚያስችል አሠራር ቢጀምርም፣ ለማዘጋጀቱ የሌላ የቤተሰብ አባል አይፎን ግዴታ ነው።

ሁለተኛዎቹ ዲዜድ09 በሚል ስም የታወቁት ዓይነት ርካሽ ሰዓቶች ናቸው። ተራ ሲም ካርድና ሚሞሪ ካርድ ይቀበላሉ፤ ማይክሮፎንና ስፒከር አላቸው፤ ስልክም ሳያስፈልጋቸው ይደውላሉ። የሚሠሩት ግን በ2ጂ ኔትወርክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቃሚነታቸው በቦታው ይወሰናል። በኢትዮጵያ ኢትዮ ቴሌኮም የ2ጂ አገልግሎት ይሰጣል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ሲጀምር 2ጂን አካቷል። በአሜሪካ ግን ኤቲኤንድቲ 2ጂን በ2016 መጨረሻ፣ 3ጂን በ2022 ዘግቷል፤ ቬራይዘንም በ2022 መጨረሻ 3ጂን አቁሟል። ከዚህ የተነሣ ጊር ኤስን የመሰሉ የ3ጂ ሰዓቶች በእነዚህ ኔትወርኮች ላይ መደወል አይችሉም። ለዘመድ ሰዓት የሚልክ ወይም ይዞ የሚጓዝ ሰው ሰዓቱ የሚጠቀመውን የኔትወርክ ዓይነትና በሚሄድበት አገር ያለውን ማመሳከር አለበት።

በኢትዮጵያ ስልክ ከመደወያነት አልፎ የገንዘብ መላኪያ ሆኗል። ቴሌብርን ያለ ኢንተርኔት ለመጠቀም *127# መደወል ስለሚያስፈልግ፣ ሰዓቱ የኮከብና የመሰላል ምልክት ያለው መደወያ እንዳለው እና የሚመጣውን ዝርዝር አሳይቶ መልስ እንደሚቀበል መፈተሽ ይገባል። ይህን የማይችል ሰዓት ብቸኛ ስልክ ቢሆን ባለቤቱን ያስቸግረዋል። የፖሊስ ቁጥር 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 አስቀድመው በስም ዝርዝሩ መመዝገብ አለባቸው፤ በጭንቅ ጊዜ በትንሽ ስክሪን ላይ ቁጥር መጻፍ ይከብዳልና።

ስርዓተ ክወናን መቀየር

አምራቹ ድጋፉን ላቆመባቸው ሰዓቶች ሌላ ስርዓተ ክወና መጫን አንዱ አማራጭ ነው። አስትሮይድኦኤስ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ክፍት ምንጭ ስርዓት ሲሆን፣ 1.0 ስሪቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኤልጂ ጂ ዋችንና አሱስ ዜንዋች 2ን በመሳሰሉ የቀድሞ አንድሮይድ ዌር ሰዓቶች ላይ ይጫናል። ለመጫን የሰዓቱን የማስነሻ ፕሮግራም መክፈት ስለሚጠይቅ በውስጡ ያለው መረጃ ሁሉ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ስርዓቶች በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ሁሉንም ክፍል እኩል አያሠሩም፤ ስለዚህ ለሙዚቃ የሚፈልገው ሰው የብሉቱዝ ድምፅ በራሱ ሞዴል ላይ መሥራቱን ከፕሮጀክቱ የድጋፍ ሠንጠረዥ ማረጋገጥ አለበት።

ባትሪና ደህንነት

የሰዓት ባትሪ ትንሽ ነው። የኤልጂ ጂ ዋች ባትሪ 400 ሚሊአምፒር-ሰዓት ሲሆን፣ የዛሬ ስልኮች በአብዛኛው ከ4000 በላይ አላቸው። ሙዚቃ በብሉቱዝ መላክ ይህን ባትሪ ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ጋርሚን ራሱ ለፎርረነር 645 ሙዚክ ከጂፒኤስ ጋር ሙዚቃ ሲጫወት የሰጠው ግምት እስከ 5 ሰዓታት ነው። ያረጀ ባትሪ ከዚህም ያነሰ ይቆያል። ስክሪኑ ሁልጊዜ እንዳይበራ ማድረግ፣ የልብ ምት መለኪያውንና ዋይፋዩን ማጥፋት ቆይታውን ያራዝማሉ።

የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ሊያብጥ ይችላል። ስክሪኑ ከአካሉ የተነሣ ወይም ጀርባው የተለጠጠ ሰዓት ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ መጫንና መብሳትም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሰዓት ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከሙቀት ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። የብዙ ሰዓቶች ቻርጀር ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ አሮጌ ሰዓት ሲገዛ ቻርጀሩ አብሮ መኖሩ ከዋጋው እኩል ይታያል።

የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ሰዓት ሙዚቃ ለማጫወት ብዙም አያሰጋም፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውምና። የባንክና የኢሜይል አካውንት ግን ሊገባበት አይገባም። ለልጆች በሚሰጡ የሲም ሰዓቶች ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። የጀርመን የኔትወርክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወላጆች ሳይታወቁ አካባቢውን እንዲያዳምጡ የሚያስችሉ የልጆች ሰዓቶች እንዳይሸጡ ከልክሏል።

ገደቦች

ከስልክ የተለየ ሰዓት ጊዜውን በራሱ ላያስተካክል ስለሚችል በእጅ መሞላት ሊያስፈልገው ይችላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጠቀም ለሚፈልግ ግን ይህ አመቺ ነው። ድምፅ ማስተላለፊያ፣ ማከማቻ ወይም ራሱን የቻለ አሠራር የሌለው ሰዓት ማጫወቻም ስልክም መሆን አይችልም፤ ደቂቃ ቆጣሪ ወይም የማንቂያ ደወል ሆኖ ማገልገል ግን ይችላል። ለዚህ ተግባር ሰዓት የሚገዛ ሰው ሳይሆን፣ የሚሠራ ሰዓት በእጁ ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቀማል። ከባዶ ለሚጀምር ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ተራ የቁልፍ ስልክ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ባትሪውም ቀናት ይቆያል።