አዲስ ተክል፦ የአማኝን ዕድገት በትዕግሥት ስለ መጠበቅ

አንድ ወጣት በጌታ ያምናል። አንደበቱ ቀና፣ ትጋቱም የሚያስቀና ነው። በስድስት ወሩ መድረክ ላይ ቆሞ ያስተምራል፤ በዓመቱ የወጣቶች አገልግሎት መሪ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ከአገልግሎቱም ከጉባኤውም የለም። እንዲህ ያለ ሰው ያላጋጠመው መጋቢ ጥቂት ነው። እኔም አንዱን አውቃለሁ፤ መሪ እንዲሆን ከመረጡት አንዱ ነበርሁ። ሲቀር «ሥር አልነበረውም» አልን። ሥር እንዲሰድ ጊዜ ሰጥተነው እንደ ሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ኤጲስ ቆጶስ ብቃት ሲጽፍ አዲስ አማኝ እንዳይሾም ያስጠነቅቃል (1ጢሞ. 3፥6)። በዚህ ስፍራ የገባው የግሪክኛ ቃል «ኔኦፊቶስ» ሲሆን ቀጥተኛ ፍቺው «አዲስ የተተከለ» ነው። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይህንኑ ቃል በማዕድ ዙሪያ ያሉ ልጆች ለተመሰሉበት የወይራ ተክል ይጠቀምበታል (መዝ. 128፥3)። ስለዚህ ቃሉ ነቀፋ አይደለም። አዲስ ተክል የታመመ ተክል አይደለም፤ ገና ሥር እየሰደደ ያለ ነው። ሐዋርያው የሚፈራለትም የእውቀት ማነስን ሳይሆን ትዕቢትን ነው።

በማርቆስ ወንጌል ብቻ የሚገኘው የሚያድገው ዘር ምሳሌ (4፥26-29) በቀጥታ የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነው፤ ሆኖም ቃሉ በሰው ልብ የሚሠራበትንም መንገድ ያሳየናል። ገበሬው ይዘራል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ዘሩ እንዴት እንደሚያድግ ግን አያውቅም። ምድሪቱ «በራሷ» ታበቅላለች። ይህ «አውቶማቴ» የሚለው ቃል በአዲስ ኪዳን ከዚህ ሌላ የሚገኘው ጴጥሮስ ከወኅኒ ሲወጣ በተከፈተው የብረት መዝጊያ ታሪክ ብቻ ነው (ሐዋ. 12፥10)። በሁለቱም ስፍራ የሰው እጅ የለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ ግን አለ። ዕድገቱም ተራ አለው፦ መጀመሪያ ቡቃያ፣ ቀጥሎ ዛላ፣ በመጨረሻ የበሰለ ፍሬ። ቡቃያን «ፍሬ የለህም» ብሎ የሚወቅስ ገበሬ የለም።

እንሰት በሚተከልበት አካባቢ ያደጋችሁ ይህን ከትምህርት ቤት በፊት በጓሮ ተምራችኋል። ከተቀበረው አሚቾ የሚበቅለው ችግኝ አንድ ስፍራ ላይ አይተውም። በብዙ አካባቢ ከአንድ ጊዜ በላይ እየተነቀለ ሰፋ ባለ ቦታ ይተከላል፤ ፍግም ይደረግለታል። ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው አየር ከ4 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ቸኩሎ የቆረጠው ሰው ጥቂት ያገኛል፤ በኋላ የሚያገኘውን ብዙ ግን ያጣል።

«እንግዲያስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ለሦስት ዓመት ያላፈራችው በለስ አንድ ዓመት ሲለመንላት፣ አትክልተኛው ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ይገባል (ሉቃ. 13፥6-9)። ልመናው ገደብም አለው። የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊም አስተማሪዎች መሆን ሲገባቸው ገና ወተት የሚሹትን ይገሥጻል (5፥12)። ትዕግሥት የእኛን ድርሻ በትጋት እየሠሩ የእግዚአብሔርን ድርሻ ለእርሱ መተው ነው።

አዲሱን አማኝ ዝም አሰኙት ማለትም አይደለም። በጌርጌሴኖን አገር የተፈወሰው ሰው ወዲያው ለወገኖቹ እንዲመሰክር ተልኳል (ማር. 5፥19)። መመስከር ለቡቃያም የተሰጠ ነው፤ መንጋን መምራት ግን ብስለት ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ እንሰቱ ቦታውን ደረጃ በደረጃ አስፉለት፦ በቤት ኅብረት ይጸልይ፤ ከሽማግሌ ጋር ሕመምተኛ ይጠይቅ፤ በሚያርመው ሰው ፊት ያስተምር። ኃላፊነት ከመስጠታችሁ በፊትም ሦስት ነገር መርምሩ፦ ሲታረም እንዴት ይቀበላል? ማንም በማያየው ሥራ ይታመናል? ቤተ ሰቡስ ስለ እርሱ ምን ይመሰክራል?

በቆሮንቶስ የተከለውም ያጠጣውም ሠርተዋል፤ ዕድገቱ ግን የእግዚአብሔር ነበር (1ቆሮ. 3፥6-7)። ይህ መጋቢን ከጭንቀት ያሳርፈዋል፤ ከጥድፊያም ይመልሰዋል። ምናልባት ከእናንተም ጉባኤ የራቀ እንዲህ ያለ ወጣት ይኖር ይሆናል። ሄዳችሁ ፈልጉት። ሲመለስም ከመድረኩ አስቀድማችሁ ያን ጊዜ የነፈግነውን ጊዜ ስጡት።