ፈረንጁ ተለማማጅ ቦንጋ ላይ፦ ተረቱና እውነታው

ቦንጋ የተቀመጠችው ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው እግሩን ሳያይ አይራመድም። ትልቅ ቦርሳ የተሸከመ፣ ማስታወሻ ደብተሩን በፌስታል የጠቀለለ ወጣት ፈረንጅ ጭቃው ሲያዳልጠው ከሱቅ በረንዳ «እኔን! እኔን!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከሕፃናቱ ወገን ደግሞ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» የሚል። ሁለተኛውን ልጁ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ለምዶታል። የመጀመሪያው ግን ግራ ያጋባዋል፤ ወድቆ ሳለ ሰው ስለ ራሱ የሚጮኸው ለምንድን ነው? «ያንተ ለእኔ ይሁን» ማለት እንደሆነ እስኪገባው ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ።

«ይሄ ልጅ ማነው?» ብሎ ለጠየቀ ከተማው ብዙ መልስ አለው። ፕሮጀክት ይዞ የመጣ ነው፤ ባለሙያ ነው፤ የቡና ዘር ሊወስድ ነው። እውነቱ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ሄደህ ሥራ ላይ ተለማመድ» ያለው፣ እኛ ቤት «አፓረንት ወጣ» የሚባልለት ዓይነት። ልዩነቱ የወጣበት ቦታ ከቤቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ መራቁ ነው።

ለምን ቦንጋ? ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ከፋን በባዮስፌር ክልልነት መዝግቧል፤ ስፋቱ ከ760,000 ሄክታር ይበልጣል። ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከዚያ ምዝገባ በፊት ጀምሮ ከፋ ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ከአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ስለዚህ ስለ ደን፣ ስለ ቡና ወይም ስለ ማር የሚማር ሰው ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር አልፎ ቢዘልቅ አይገርምም። የሚገርመው ስለ እርሱ የሚወራውና እርሱም ስለ ከፋ ይዞት የሚመጣው ወሬ ነው።

«ፈረንጅ ከሆነ ገንዘብ አለው»

ይህ ተረት ከሁሉም የጸና ነው፤ የቤት ኪራይ የሚተመነውም በእርሱ ነው። እውነታው ግን፣ ለምሳሌ የጀርመንን ሕግ ላየ ሰው፣ ሌላ ነው። እዚያ አገር ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፤ በትምህርት ደንብ ግዴታ የሆነበትን ልምምድ የሚሠራ ተማሪ ግን ከሕጉ ውጭ ነው። ያለ ክፍያ ሊሠራ ይችላል፣ ብዙዎቹም ይሠራሉ። የጀርመን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ባቋቋመው ቬልትቬርትስ በተባለው ፕሮግራም ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ በጎ ፈቃደኞች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ለእነርሱም የሚሰጠው ማደሪያ፣ ቀለብና የኪስ ገንዘብ እንጂ ደመወዝ አይደለም።

በአንጻሩ፣ ዩሮ ይዞ የመጣ ሰው ድሃ ነኝ ቢል የሚያምነው አይኖርም፤ የማያምኑትም ልክ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የተማሪው የኪስ ገንዘብ በአንድ ክረምት ሰፋ፤ የአከራይዋ ዘይትና ስኳር ግን በዚያው ክረምት ተወደደ። አንዱ በሌላው ቤት ውስጥ እያለ፣ አንዱ ሲቀለው ሌላው የሚከብደውን ያህል የሚያስተዛዝብ ነገር የለም። የኪራይ ነገር ሲነሳ አከራይዋን አልፈርድባቸውም።

«ባለሙያ ነው»

ገበሬው ቅጠሉ የደረቀ የቡና ዛፍ ያሳየውና «ምን ይሻለዋል?» ይለዋል። ልጁ የሦስተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ ነው። ቡና በዛፍነቱ ሲያይ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አላውቅም ማለት ደግሞ ይከብደዋል፤ የተላከበትን ያጎደለ ይመስለዋል። እናም ይገምታል።

እንግዳ ሊቅ ሆኖ ሲሳሳት ከፋ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። የቪየናው ሰው ፍሪድሪሽ ቢበር በምኒልክ ፈቃድ ከፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር፤ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ስምንት ዓመት ሆኖ ነበር። በ1909 ተመልሶ መጣ፤ በ1920ና በ1923 ስለ ከፋ ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች በጀርመንኛ አሳተመ። ያ መጽሐፍ ባይኖር ስለ አሮጌው መንግሥት ብዙ የምናጣው ነገር ነበር። ነገር ግን የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ከፋን የጥንት ኩሻዊ ሕዝብ ይለዋል፤ የዛሬ የቋንቋ አጥኚዎች ካፊኖኖን የሚመድቡት ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ጋር ነው። ያን ያህል የደከመ ሰው ከሳተ፣ ለሦስት ወር የመጣ ተማሪ ስለ ቡና በሽታ ቢስት ምን ይደንቃል? መልስ ካስፈለገ የወረዳው የግብርና ባለሙያ አለ።

«የቡናችንን ዘር ሊሰርቅ ነው የመጣው»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ተረት ተራ ተረት አይደለምና። ሥር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1964 እና 65 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑካን በያኔው የከፋ ጠቅላይ ግዛትና በአጎራባቾቹ እየዞሩ የቡና ዘር ሰብስበዋል። ሥራው በግልጽና በኢትዮጵያ ፈቃድ የተሠራ ነበር፤ በዚያ ዘመን የዘር ሀብት የሰው ልጅ ሁሉ ነው ይባል ነበርና። ከዘሩ ከፊሉ ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያ ወደ ብራዚል ተሻገረ። አርባ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የመጡ ወደ 3,000 የሚሆኑ ዛፎችን መርምረው በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ኔቸር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት አሳወቁ። ካፌይን የሌለው ቡና በዓለም ገበያ ምን ያህል እንደሚፈለግ ለሚያውቅ ሰው ዜናው ትልቅ ነበር። አዲስ አበባም ዝም አላለችም፤ ዘሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ ከረረ። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የፓናማ ጌሻም አያቱ እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተለቀመ ዘር ነው።

ስለዚህ ሽማግሌው የተማሪውን ቦርሳ በጎሪጥ ቢያዩት አይፈረድባቸውም። የሚስቱት ዛሬም የሚከለክል ሕግ የለም ብለው ካሰቡ ነው። በብራዚል ዜና ማግስት፣ በ1998 ዓ.ም.፣ የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ለምርምር የሚሆን ዘር፣ ቅጠልም ሆነ ቅርፊት ለመውሰድ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። ሕጉ የሰዉን ዕውቀት ጭምር ይጠብቃል፤ አንዲት እናት የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም እንደሆነ ለተማሪ ሲነግሩት የሚሰጡት ሀብት ነው። «ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንግዳ ማስቀየም አይደለም። ተማሪውም ማስታወሻ ብሎ ኪሱ የሚከተው እሸት የቡና ፍሬ አገሩ ላይ ማስታወሻ፣ ኬላ ላይ ግን ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ቢያውቅ ይሻለዋል።

አሁን ደግሞ ልጁ ከአገሩ ይዞት ወደመጣው እንሻገር።

«አፍሪካ ሞቃት ነው»

ሻንጣው ሲከፈት ስስ ካናቴራ፣ ቁምጣና ሰንደል ጫማ ይወጣል። ቦንጋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በዓመቱ አብዛኛው ወር ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ ወጥቶ የጎማ ቦቲና ብርድ ልብስ ይገዛል። የታጠበ ሱሪ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት ጊዜ እንዳለ ማንም አልነገረውም። ብርዱን ካየ በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ይስታል፦ «ደጋ ነው፣ ወባ የለም» ብሎ አጎበሩን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለወባ ተጋላጭ የሚባለው ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት ነው፤ ቦንጋ ከዚያ በታች ናት፣ የጎጀብ ሸለቆማ ጭራሽ ቆላ ነው። አጎበሩ ይዘርጋ።

«ደኑ ሰው ያልደረሰበት ዱር ነው»

ሥዕሉ ከፊልም የመጣ ነው። የከፋ ደን ውስጥ ሁለት ሰዓት የተጓዘ ሰው ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ፣ ሥሩ የተመነጠረ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ የምትለቅም ሴት ያያል። ለእንግዳው ሁሉም ቅጠል አንድ ነው፤ ለአገሬው ግን ይሄ የእገሌ ቀፎ ነው፣ ያ የእነ እገሊት ቡና ነው። ደኑን ከማኅበረሰቡ ጋር በጋራ የማስተዳደር አሠራር ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ቦንጋ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነበር። «ያልተነካ ደን» ብሎ ሪፖርት የጀመረ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መሰረዙ አይቀርም።

«በአማርኛ እግባባለሁ»

ይህኛው ያሳዝነኛል፤ የሚሠራው ትጉ ተማሪ ላይ ነውና። በርሊን ላይ ሦስት ወር ፊደል ቆጥሮ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ገጠር ቀበሌ ሲደርስ እናቲቱ በካፊኖኖ ይመልሱለታል። አማርኛ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ነው፤ የማጀቱና የማሳው ካፊኖኖ ነው፣ ትምህርት ቤት የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ፊደል የቆጠረው ልጅ በራሱ አገር ፊደል የተጻፈ፣ ግን የማያነበው ቋንቋ ፊት ቆሞ ይስቃል። ቡና ቡኖ መሆኑን ሲሰማ ግን ትንሽ ይጽናናል።

ስለ ቡና ከተነሳ አይቀር፣ «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ መጣ የሚለው በየካፌው ግድግዳ የሚለጠፈው ነገር በቋንቋ አጥኚዎች ዘንድ ያልተቋጨ ክርክር ነው፤ ብዙዎቹ ቀህዋ ወደሚለው ዐረብኛ ያጋድላሉ። ይህን ቦንጋ ላይ ጮክ ብሎ መናገር ግን አይመከርም።

ሰዓትና ቀን

ስለ ሰዓቱ ማንም አስቀድሞ ይነግረዋል፤ ስድስት ሰዓት ቀንስ፣ ስድስት ሰዓት ጨምር። ቢሆንም «አውቶቡሱ 12 ሰዓት ይነሳል» ሲባል እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያ የሚደርስ አይጠፋም፤ ያኔ አውቶቡሱ ጅማን አልፏል። ከሰዓቱ የሚብሰው ማኅተሙ ነው። ከቢሮ የተሰጠው ደብዳቤ ላይ 30/9/2016 ተጽፏል። ልጁ አገሩ ላለው ዩኒቨርሲቲ ሲልከው እዚያ ያሉት የሚያነቡት መስከረም 30 ቀን 2016 በፈረንጅ ነው፤ ተማሪያቸው ገና ልጅ በነበረበት ዓመት መሆኑ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ግንቦት 30 ነው፣ በእነርሱ ሰኔ 7 ቀን 2024። ስምንት ዓመት በአንድ ማኅተም ይጠፋል።

«ፈረንጅ ቆጮ አይበላም»

ይህ የአከራይዋ ተረት ነው። ለእንግዳ ክብር ብለው ማካሮኒ ይቀቅላሉ፤ ልጁም ለክብራቸው ብሎ ማካሮኒውን ይበላል፤ ሁለቱም በሆዳቸው ቆጮውን ይመኛሉ። አንድ ቀን ማዕዱ ሲቀርብ እጁን ወደ ቆጮው ሲሰድ ነገሩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ «ጠገብኩ» አንድ ጊዜ ሲባል ይሉኝታ ነው፣ ሁለተኛ ሲባልም «በሞቴ!» ይከተለዋል፣ ሦስተኛው ላይ ነው ቃሉ ትርጉም የሚያገኘው። ሥጋ የማይበላ ተማሪ ግን ረቡዕና ዓርብን ይወዳቸዋል፤ ምንም ማስረዳት ሳያስፈልገው ሽሮውና ጎመኑ ይቀርብለታል፣ «ጾመኛ ነው» ተብሎም ይመሰገናል።

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቦን ከተማ ባለው የልማት ምርምር ማዕከል ስለ ዱር ቡና የሚያጠኑ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ክሪስቲነ ሽሚት የቦንጋን ደን አጥንታ በ2006 ጨረሰች። ኢትዮጵያውያኑ ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ፈየራ ሰንበታ ደግሞ ከዚያው ከቦን ተነስተው የአገራቸውን የቡና ደኖች አጠኑ፤ የታደሰ ሥራ በያዩ ደን ላይ ነበር። ለአንዷ ቦንጋ ባዕድ አገር ነበር፣ ለሁለቱ ቦን። ዛሬ ስለ ቦንጋና ስለ ያዩ ደን የሚጠና ጥናት እነዚህን ሥራዎች ሳይጠቅስ አያልፍም። የተጻፉት ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው።

ተለማማጁ ሊሄድ ሲል ቦቲውን፣ ብርድ ልብሱንና አጎበሩን ለአከራይዋ ልጆች ይተዋል። ሪፖርቱን ይዞት ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አንድ ቅጂ እዚያ ማስቀመጥ የሚፈጀው ከመናኸሪያ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ነው፣ አውቶቡሱ በ12 ሰዓት መነሳቱን ካልረሳ።